ባለቤቴን በትነው ከመላክዎ በፊት

ይድረስ ለክቡር የፈጣን ሰው ማድረሻ ፕሮጀክት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም አንድ አተም ሳይጎድልባችሁ፣ የነበረው ሁሉ በነበረበት ቦታ እንዳለ፣ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ይህን እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስ አልተበተንሁም፤ ለዚህም ፈጣሪ ይመስገን።

ባለፈው ማክሰኞ ዳንግላ ድረስ መጥተው የሰጡንን የግንዛቤ ማስጨበጫ ጨርሰው ከአዳራሹ ሲወጡ፣ እኔ ዝናቡ እስኪያባራ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ለሾፌርዎ «ሰው ማለት እኮ የአተም ክምር ነው፤ መበተን፣ መላክ፣ እዚያ መልሶ መግጠም ነው፤ ሌላ ምን አለው?» ሲሉት ሰማሁ። ሾፌርዎ የመኪናውን በር ከፈተልዎ። እኔ ግን ኃላፊ የተናገረውን እንደ ተናገረው መቀበል የለመድሁ ዜጋ ስለሆንሁ፣ «ሌላ ምን አለው?» የሚለውን ጥያቄ ወደ ቤቴ ይዤው ገባሁ። ይኸው ሳምንት ሙሉ ከእኔ ጋር ምሳ ይበላል።

ይህ ማንም የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ በስብሰባው ላልነበሩ አንባቢያን ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ክቡርነትዎ እንደነገሩን፣ ዳንግላ ላይ በሚተከል ሳጥን ውስጥ ሰው ይገባል፤ ሰውየው ወደ አተምነቱ ይበተናል፤ ዝርዝሩ በኔትወርክ ይተላለፋል፤ እንጅባራ በሚተከለው ሌላ ሳጥን፣ እዚያው ካለ አተም ተገጣጥሞ ይወጣል። አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በአንድ ሴኮንድ። ከዚያም የፈቃደኛ ተጓዦች መመዝገቢያ ቅጽ እንዲዞር አደረጉ። ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ቀድማ እጇን የዘረጋችው ባለቤቴ ወይዘሮ ሽታዬ ነበረች።

ምክንያት አላት። ከሁለት ዓመት በፊት ወድቃ ወገቧን ከተጎዳች ወዲህ ሐኪሙ መንገጫገጭ ከልክሏታል፤ ሚኒባስ አይሆንላትም፣ ጋሪማ አይነሣ። መንገዱም አንድ ሰሞን ክፍት፣ አንድ ሰሞን ዝግ ነው። ልጃችን ሶስና እንጅባራ ወልዳ፣ የልጅ ልጃችን ዮርዳኖስ ስምንት ወር ሞላት፤ አያቷ ግን አንድ ቀን እንኳ አቅፋት አታውቅም። ስለዚህ ክቡርነትዎ ሲናገሩ ሽታዬ የሰማችው «አንድ ሴኮንድ» የሚለውን ነው። እኔ ደግሞ የሰማሁት «ይበተናል» የሚለውን ብቻ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እፈራለሁ። ቁጥር ለቢሮ ሥራ እንደሚያመች ስለማውቅ ፍርሃቴን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ድሮ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስለነበርሁ መጽሐፍ ማገላበጥ አልተውሁም። በአንድ ሰው ውስጥ ያለው አተም ከሰባት ቀጥሎ ሃያ ሰባት ዜሮ ቢጻፍ የሚሆነውን ያህል ነው ይላሉ። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ኔትወርክ የትኛው እንደሆነ ቢገልጹልን። ባለፈው ወር ሶስና የልጅቷን ፎቶ ስትልክልን ግንባሯ መጣ፣ ዓይኖቿ መጡ፣ አፍንጫዋ ላይ ሲደርስ ኔትወርኩ ጠፋ። አራት ቀን ሙሉ አፍ የሌላት የልጅ ልጅ ነበረችን። በአራተኛው ቀን የቀረው ሲመጣ ሽታዬ፣ ይኸው መጣ አይደል አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ፎቶ አራት ቀን ይጠበቃል። ሰው ግን ግማሹ ደርሶ ግማሹ ሲቀር አራት ቀን በምን ይተነፍሳል?

ሁለተኛ፦ በስክሪኑ ላይ ያሳዩን ሰውዬ ከጉልበቱ በታች ተበትኖ ሳለ መብራት ሄደ። እስከ ስብሰባው ፍጻሜም አልተመለሰም፤ ለስላሳና ዳቦ ተሰጥቶን ወደየቤታችን ሄድን። ለለስላሳው ከልብ አመሰግናለሁ፤ ቀዝቃዛ ነበር። ሰውዬው ግን ይድረስ ይቅር እስካሁን የነገረን የለም።

ሦስተኛ፦ የባለቤቴ ወንድም ገበየሁ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የነበረውን ቤቱን ነቅሎ ወደ አስፋልቱ ዳር ሲያወጣ እኔም ለእርዳታ ሄጄ ነበር። እንደ አገሩ ልማድ እያንዳንዱን ምሰሶና ማገር ከመንቀላችን በፊት በከሰል ምልክት አደረግንበት፤ ይህ ከዚያ ቀጥሎ፣ ያ ከዚህ በላይ እያልን። ጭነን ስንሄድ ዝናብ መጣና ከሰሉን አጠበው። ቢሆንም አንድ እንጨት አልጠፋም፤ ቤቱም ቆመ፤ ላየው ሰው ያው ቤት ነው። ወደ ግራ ይከፈት የነበረው በር ብቻ ወደ ቀኝ ሆነ። የገበየሁ ድመት ግን አዲሱ ቤት ገብታ፣ ዞር ዞር ብላ አሽትታ ወጣች። ስንፈልጋት ከድሮው ቦታ፣ ባዶ መሬት ላይ፣ ምድጃው በነበረበት ተቀምጣ ተገኘች። ሦስት ጊዜ አመጣናት፤ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። ገበየሁ ያን ጊዜ በአገውኛ የተናገረው፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ ቃናው ቢቀንስም፣ እንዲህ ነው፦ «እንጨቱስ የእኔው ነው፤ ቤቱን ግን ድመቷን ጠይቋት።»

ክቡር ሆይ፣ ሽታዬ እንጅባራ ላይ ከሳጥኑ ስትወጣ እንጨቱ ሁሉ መሟላቱን የሚያረጋግጥ ባለሙያ እንደሚኖር አልጠራጠርም። የምጠይቀው ለዚሁ ሥራ ድመት ተመድባ እንደሆነ ነው።

አራተኛ፦ በስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ፣ ዳንግላ ላይ ሳጥኑ ውስጥ የገባችው ሽታዬ ምን ትሆናለች ብዬ ጠይቄዎት ነበር። ዋናዋ ትሰረዛለች፣ እዚያ የምትወጣው ግን ከእርሷ በምንም አትለይም ብለው አረጋጉኝ። ስለ ማረጋጋትዎ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሌሊት እየተነሣሁ ሽታዬ በቦታዋ መኖሯን አረጋግጣለሁ። እኔ ስልሳ ስድስት ዓመት ስኖር ኮፒ ብቻ አንቀበልም፣ ዋናውን ይዘህ ና ያልተባልሁበት መስኮት የለም። ባለቤቴ እንጅባራ ለአንድ ጉዳይ መስኮት ላይ ቆማ ዋናዋን አምጪ ብትባል ማንን ይዛ ልትመጣ ነው? የእድራችንን ሊቀ መንበርም አማክሬያለሁ፤ ለተሰረዘችው ድንኳን ይተከል ወይስ ለደረሰችው እንኳን ደህና ገባሽ ይባል ለሚለው፣ ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤ አሳድሮታል።

በመጨረሻ ሁለታችንም የነፍስ አባታችን ቄስ ባንተአምላክ ዘንድ ሄድን። ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና «ነፍስ አተም የላትም፤ በሳጥኑ አትሄድም። እንግዲህ በእግሯ ትከተል ይሆናል» አሉ።

እኔ ደነገጥሁ። አርባ ኪሎ ሜትር፣ በዚህ መንገድ፣ ብቻዋን። ሽታዬ ግን ከዘራዋን አስተካክላ ይዛ፣ «ትምጣ፤ እኔ ልጅቷን አቅፌ እጠብቃታለሁ» አለች።

ጽሕፈት ቤትዎ ለዚህ መልስ ካለው እባክዎ ይላኩልኝ፤ በፖስታ ቢሆን እመርጣለሁ።

አምስተኛ፦ ይህኛው ለቢሮ የሚጻፍ አልነበረም። ሽታዬ ከላይኛው ጥርሷ አንዱ የለም። ስትስቅ በግራ እጇ ትሸፍነዋለች፤ ይኸው ሠላሳ ዓመት። የምትጸልየው በአማርኛ ነው፣ እኔን የምትቆጣው በአገውኛ። ጠዋት ደጅ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ አያታለሁ፤ ምን ታፈጥብኛለህ ትለኛለች፤ ምንም እላታለሁ። እየቆጠርኋት ነው። የሌለ ጥርስ ስንት አተም አለው? የሌለውን ነገር የሚመዘግበው የትኛው ባለሙያ ነው? የምፈራው እንዳትሞትብኝ ብቻ ቢሆን ለዚያስ ስም አለው፣ ጎረቤትም ይመጣል። የምፈራው በደህና ደርሳ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ስሜን ጠርታ፣ ከዚያም ስትስቅ እጇን ሳታነሣ ብትቀር ነው። ያን ጊዜ ባለቤቴ ጠፋች ብል ማን ያምነኛል? ሁሉም ነገር ተሟልቶ ደርሷል ይሉኛል፤ ማኅተም ያለበት ወረቀትም ያሳዩኛል።

ስለሆነም ሳጥኑ እስኪተከል ድረስ፣ በዳንግላና በእንጅባራ መካከል ያሉትን ጉድጓዶች መሙላትን እንደ ጊዜያዊ ቴክኖሎጂ ቢመለከቱልን በትሕትና እለምናለሁ። በሴኮንድ መድረስ አይጠበቅብንም። ሽታዬ ከጀርባዋ ትራስ ተደርጎላት፣ ሳትንገጫገጭ፣ ግማሽ ቀንም ቢፈጅ፣ እንደ ተቀመጠች ብትደርስ ይበቃናል። ነፍሷም እዚያው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ ብትሆን ደስ ይለኛል።

ውድ ጊዜዎን ስለ ሰጡኝ፣ አዳራሹ በር ላይ እኔ እየሰማሁ ስለ ተናገሩ፣ ከሁሉም በላይ «ሌላ ምን አለው?» ብለው የማላውቀውን ፍርሃት ስላስተማሩኝ፣ ባለኝ አተም ሁሉ እጅ እነሣለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ እስካሁን ባለበት ያለው፣
አየነው ሽመክት
ዳንግላ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ከእንጅባራ ወደ እኛ በመኪና መጥተው በመኪና መመለስዎን አይቻለሁ፤ ለአሮጌው ዘዴ ያለዎት አክብሮት ልብ ይነካል። የፈቃደኞቹ ዝርዝር ትናንት በአዳራሹ በር ላይ ተለጥፎ ስላገኘሁት የክቡርነትዎን ስም ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ፤ አጣሁት። ብዙም አላደከመኝም፤ ዝርዝሩ ላይ ያለው ሁለት ስም ብቻ ነው። አንደኛው ሽታዬ ካሳው ይላል። ሁለተኛው አየነው ሽመክት ይላል፤ ፊርማውም የእኔ ነው።