ማንም ያልፈለገው ሹመት

ማንኩሳ፣ ነሐሴ 18 ቀን 1968 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ አዛናው፣

ጤናህን ከመጠየቄ በፊት መኖርህን ልጠይቅ። አለህ ወይ? ጋሹን ከቀበርን ወዲህ ውሻ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይርዳል። እማሆይ እህተ ማርያም ለምጽዋት የወጡ መስለው ይህን ወረቀት እስኪያደርሱልህም እንቅልፍ የለኝም። በሰው ፊት «አንቱ» የምልህን ባሌን በወረቀት «አንተ» ስልህ አትቀየመኝ። ማዕረግ የሚባል ነገር አስጠልቶኛል፤ ለምን እንደሆነም ታውቃለህ።

ደርግ «መሣሪያችሁን አስረክቡ» ያለ ጊዜ ሦስት ሆናችሁ ዱር ገባችሁ። አንተ የማንኩሳን ሰው ይዘህ፣ ወንድሜ ክንፈሚካኤል የቋሪትን፣ የእናቴ ወንድም ባላምባራስ ገብረሰንበት ደግሞ ከቡሬ በታች ያሉትን የአገው ዘመዶቻችንን። ሦስቱ ጦር አንድ ሊሆን ነው ሲባል ከሁሉ አብልጬ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። ባሌንም ወንድሜንም አጎቴንም በአንድ ጸሎት ልጠራቸው ነው ብዬ። ሞኝ ነበርኩ።

የቃል ኪዳኑን በሬ የጣላችሁ ዕለት ትዝ ይልህ ይሆን? የግንቦት ልደታ ማግስት፣ ገበዝ ማርያም፣ ወንድሜ ግቢ ውስጥ። መሐላው ተፈጽሞ ሹመቱ ከምግብ በኋላ ይነገራል ተባለ። ሻኛ የአለቃ ነው፤ አለቃው ግን ገና አልተለየም። ብልት የሚያወጣው ቸኮለ ቢላዋውን ይዞ አንዴ አንተን፣ አንዴ ወንድሜን፣ አንዴ አጎቴን ሲያይ እኔ የጠላ ማድጋ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። በመጨረሻ ብልህ የሆነ መሰለውና ሻኛውን ሦስት ላይ ከፈለው።

ወንድሜ «በሬው የማን ነው? ግቢውስ የማን ነው?» አለ፣ ማንንም ሳያይ። አጎቴ ድርሻቸውን በጣታቸው ገፋ አድርገው «አንተ ቸኮለ፣ እኔ ሻኛ ሲቀርብልኝ አባትህ ከብት ይጠብቅ ነበር» አሉት። አንተስ? አንተ ሳቅህ። ያን ሳቅህን አውቀዋለሁ፤ ከቁጣህ ይብሳል። ምነው ቸኮለ ለአንዳችሁ ሙሉውን ሰጥቶ ሁለታችሁ ብቻ በተቀየማችሁ እያልኩ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ።

ሽማግሌዎቹ ሲለፉ ሰንብተው ሹመቱን አካፈሏችሁ። ዋና አዝማችነቱ ብዙ ጠመንጃ ላለው ለወንድሜ፣ ምክትልነቱ በዕድሜ ለአጎቴ፣ የስንቅ ኃላፊነቱ ለአንተ። አንተም «አዛናው በሶ ሊቋጥር? ይኸ የሴት ሥራ ነው፤ ለሚስቴ ስጧት» ብለህ በቅሎህን አስጭነህ ወጣህ። ሰዎችህም ተከተሉህ። እኔም ተከተልኩህ።

ከዚያ ወዲህ ያ ሹመት ባዶውን ቀረ። ሦስታችሁም ገበሬው ደጅ ለየራሳችሁ እየሄዳችሁ ስንቅ ትጠይቃላችሁ። ለአንተ ሰዎች የሰፈረ ገበሬ በማግስቱ ለአጎቴ ሰዎች ይሰፍራል፤ በሳልስቱ ለወንድሜ። ወንዙ መሻገሪያ መልካው ላይ የሆነውም ከዚሁ የመጣ ነው። አንድ የአጋሰስ ጭነት ዳጉሳ «የኛ ነው፣ የኛ ነው» ተባብለው የአንተና የአጎቴ ሰዎች ተታኮሱ። የሠርጋችን ሚዜ ጋሹ፣ በሠርጋችን ቀን እኔን አዝሎ ወንዝ ያሻገረኝ ጋሹ፣ በገዛ ወገን ጥይት ወደቀ። ደርግ አንዲት ጥይት አላወጣም፣ አዛናው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከለቅሶው ስመለስ መንገድ ላይ አገኘኝና «እኛ ምን አለፋን፣ ሲሳይነሽ? ወንዙ እስኪጎድል ራሳቸው ይጨራረሱልናል» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚባለው ይኸው ነው።

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት ሁለት መልእክት መጣብኝ። ወንድሜ «ለቅዱስ ዮሐንስ ገበዝ ማርያም ይምጣ፤ ምክትልነቱን ከባላምባራስ ነጥቄ ለእሱ እሰጣለሁ። ከቀረ ግን ባንዳ ነው፤ እኔው መጥቼ እደፋዋለሁ» ብሏል። አጎቴ ደግሞ ሰው ልከው «አንች ልጄ ነሽ፤ ባልሽ ግን ሹመቴን ሊቀበል ከወጣ መንገድ ላይ እጠብቀዋለሁ» አሉኝ። ሁለቱም የሚያደርጉትን የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። ብትሄድ አጎቴ፣ ብትቀር ወንድሜ። ሬሳህን ከማን እጅ እንደምቀበል እያሰብኩ ስንት ቀን እንደዋልኩ አትጠይቀኝ። አንተንም አውቅሃለሁ፤ «ምክትል» የሚለውን ቃል ስትሰማ ጫማህን ማሰር ትጀምራለህ።

ስለዚህ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ባለፈው ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ገበያ የወንድሜን ሚስት የሻሽወርቅንና የአጎቴን ሚስት እትዬ ቻይነሽን አገኘኋቸው። እህል የምንገዛ መስለን ተቀመጥን። የሻሽወርቅ አለቀሰች፤ ቋሪት ገብሱ ገና አልደረሰም፣ ጎተራው ተጠርጓል። እትዬ ቻይነሽ የቡሬን መንገድ ወታደር ዘግቶታል አሉ። የቀረው እህል የኛው የማንኩሳው ነው። እሱንም ቢሆን ቆልታ፣ ፈጭታ፣ ቋጥራ የምትልከው ሴቷ ናት። እትዬ ቻይነሽ ይህን ብለው ቆም አሉና «ታዲያ ለምን እንልካለን?» አሉ።

በዚያው ተማማልን። ማናችንም ለባላችን ለብቻው ስንቅ አንልክም። ከየሰፈሩ ሴቶች ጋር መከርን፤ ያለውን ሁሉ እማሆይ ወደሚያውቁት አንድ ቤት አስገባን። አትሳቅ እንጂ፣ እኛም ቁልፉን ማን ይያዝ ብለን ተጣላን። የሻሽወርቅ «የዋና አዝማቹ ሚስት እኔ ነኝ» አለች። እትዬ ቻይነሽ «አሳድጌ የዳርኳችሁ እኔ ነኝ» አሉ። እኔም እህሉ የማንኩሳ ነው ስል ለራሴ ተሰማኝና አፈርኩ። ኋላ እትዬ ቻይነሽ «ግን እኮ ወንዶቹ ሲራቡና ሲቆጡ መጀመሪያ የሚመጡት ቁልፍ ወደያዘችው ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ቁልፉን የሚፈልገው ሰው ጠፋ።

እኔ ያዝኩት። ሹመቱን ለሚስቴ ስጧት ብለህ የለም?

እንግዲህ ስማኝ። ለቅዱስ ዮሐንስ ወደ ገበዝ ማርያም አትሂድ፤ ምክትልም አትባል። አሁን የምልህንም በዛሬዋ ቀን የሻሽወርቅ ለወንድሜ፣ እትዬ ቻይነሽ ለአጎቴ እየነገሩ ነው። የዓመት በዓሉ ማግስት ሦስታችሁ ወደ እኔ ኑ። እማሆይ ይመሯችኋል። ሦስታችሁን በአንድነት፣ ጎን ለጎን ቆማችሁ ካየሁ በሩ ይከፈታል፤ የሁሉም ሰው ስንቅ እኩል ይሰፈራል። ማን አለቃ እንደሚሆን ከበላችሁ በኋላ ተጨቃጨቁ፤ የጠገበ ሰው ቢያንስ በአጋሰስ ዳጉሳ አይገዳደልም።

ይሳካ አይሳካ አላውቅም። ወንድሜ በሩን ሊሰብር ይችላል፤ ሊቀመንበሩ ሊደርስብን ይችላል። እፈራለሁ፣ አዛናው፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ቁልፉ አንገቴ ላይ ከብዶኛል። እወድሃለሁ። ፊት ለፊት ብዬህ አላውቅም፤ በአገራችን ሴት ለባሏ እንዲህ አትልም። መራብህ ያንገበግበኛል፤ መሞትህን ግን አልችለውም።

ስለዚህ ከሁለቱ ቀድመህ፣ ባሏ ነኝ ብለህ፣ ብቻህን እንዳትመጣ። ብትመጣ ከበሩ ኋላ ቆሜ ድምፅህን እሰማለሁ፣ አለቅሳለሁም፤ አልከፍትልህም።

የሦስቱ ጦር የስንቅ ኃላፊ፣
ሚስትህ ሲሳይነሽ ቢሰጥ