ክንዱ ያመጣው ባለ እስክርቢቶ ስልክ

ጥቅምት 11

ቢሮ ዋልሁ። የአንድ መጋዘን ጣሪያ እንደገና ሳልሁ፣ ባለቤቱ እንደገና ሐሳቡን ስለቀየረ። ዝናቡ ሄዷል፤ አቧራው ጀምሯል። እማዬ የቋጠረችልኝን ድንች ወጥ ቀዝቅዞ በላሁት። ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም።

አዎ... ክንዱ ደውሎ ነበር። እሑድ ሐይቅ ዳር እንገናኝ አለ። "ሰርፕራይዝ አለኝ።" ባለፈው ሰርፕራይዝ ያለኝ የራሱ ፎቶ ነበር። በፍሬም።

ጥቅምት 16

ስልክ ነው። ስልክ ከተባለ... መክተፊያ ያህላል። በአንድ እጄ ስይዘው አውራ ጣቴ መሐል መንገድ ላይ ይቀራል። ከሥሩ ጫን ሲሉት ቀጭን እስክርቢቶ ይወጣል፣ ከጥርስ መጎርጎሪያ ወፈር ያለ።

ክንዱ ምን እንደምበላ ሳይጠይቀኝ ዓሣ አዘዘ። ከዚያ ካሜራውን ወደ ሐይቁ ዘርግቶ ማዶ ደሴት ላይ ያለ ዛፍ አቀረበልኝ። "ቅጠሉን አየሽው?" አየሁት። ቅጠል ነው። አስተናጋጇንም ጠርቶ አሳያት። ትሪ ተሸክማ "ጎበዝ ነው" አለች። ስልኩን ይሁን እሱን አልገባኝም።

"አንቺ ሠዓሊ ነሽ፣ የሚሆንሽ ይሄ ነው" አለኝ። ሠዓሊ አይደለሁም። የሕንፃ ንድፍ ነው የምሠራው። ከተዋወቅን ጀምሮ ስነግረው ነው የኖርሁት።

"ምንም እንዳትነካኪ። እኔ ሁሉን ነገር አስተካክዬልሻለሁ። ሲምሽን ብቻ ክተቺ።" መሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ስለሚሠራ እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ሌላ አያውቅም ብሎ ያምናል።

አመሰገንሁ። ምን ልበል? ጥር ላይ ሽማግሌ ይልካል። አጎቱ የአባዬ የድሮ ባልደረባ ናቸው። አባዬ ከእሳቸው ጋር ለመዛመድ ያላቸው ጉጉት እኔ ለማግባት ካለኝ ይበልጣል። ከአሁኑ ወንበር የሚከራዩበትን ቤት መርጠዋል።

ጥቅምት 18

ቢሮ ይዤው ሄድሁ። አለቃዬ ዳኘው ሲያየው ዐይኑ በራ። "ጥሩ ከሆነ ለመስክ ሥራ አንድ እንገዛለን። እስኪ ፈትሺውና ንገሪኝ።"

እሺ። ገምጋሚ ሆኛለሁ።

ይከብዳል። የቦርሳዬ ኪስ አይችለውም፣ ቀሚሴ ደግሞ ኪስ የለውም። ጀርባው በጣት አሻራ ተጨማልቆ ይውላል። ስክሪኑ ያምራል፤ ያምራል እንጂ የማየው ያው የመጋዘን ጣሪያ ነው። እስክርቢቶው... እሺ፣ እስክርቢቶው ጥሩ ነው። ጫን ሲሉት ይወፍራል፣ ሲያላሉት ይቀጥናል። መዳፌን ባሳርፍበትም አይደናገርም። ይሄን ለክንዱ አልነግረውም።

ግን መስመሬን ያቃናዋል። ክብ ስስልና እጄን ሳላነሣ ትንሽ ስቆይ፣ ፍጹም ክብ አድርጎ ያቀርብልኛል። ማን ጠየቀው?

ጥቅምት 20

ሙኒራ ከቁንዝላ ደወለች። ኮሌጅ አንድ ክፍል ነበርን። አሁን አባቷ ጀልባ ይሠራሉ፣ እሷ ከሰፈሯ ሴቶች ጋር ዓሣ ትነግዳለች። ዓሣ ማድረቂያና ማስቀመጫ መጠለያ ሊያሠሩ ቦታ አግኝተዋል። ንድፍ ቶሎ ካላመጡ ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል ተብለዋል። "ሩሐማዬ፣ ከአንቺ ሌላ ማንን ልጠይቅ?"

ለክንዱ ነገርሁት። ሳቀ። "ዓሣ ሻጮች ደግሞ የሕንፃ ባለሙያ ፈለጉ?" ከዚያ ሳቁን አቆመና "አትሄጂም። ደስ አይለኝም" አለ።

ደስ አይለው። እሄዳለሁ። ለእማዬ ብቻ ነግሬያታለሁ።

ጥቅምት 23

ትናንት በጀልባ ሄጄ ዛሬ ተመለስሁ። ፊቴ ተቃጥሏል።

ግምገማው ይቀጥላል። ፀሐይ ላይ ስክሪኑ መስተዋት ነው። የቦታውን ዳር ልስል ጎንበስ ስል የራሴን አፍንጫ አየሁ። በአንድ በኩል ትልቅ ዋርካ አለ፤ አጥሩ እሱን ዞሮ ጠመም ብሎ ነው የሚያልፈው። እንዳየሁት አጣምሜ ሳልሁት። አቃናው። ደግሜ አጣመምሁት። ደግሞ አቃናው። እሱ ቤት ዋርካው ተቆርጧል።

ሙኒራ ከኋላዬ ቆማ "ከዛፉ ጋር ምን አጣላው?" አለች።

ወረቀትና እርሳስ አወጣሁ። አባቷ አቶ ኢስሀቅ የሜትሩን ጫፍ ያዙልኝ። ሴቶቹ አንዷ በር እዚህ፣ አንዷ በር እዚያ እያሉ ተከራከሩ። እኔም አብሬ ተከራከርሁ። ተጠብሶ የቀረበውን ዓሣ ቆመን በላን። እንዲህ ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ለመታሰቢያ ዋርካውን በስልኩ ፎቶ አነሣሁት። ካሜራው ደህና ነው። ደህና ባይሆን ነበር የሚገርመኝ።

ጥቅምት 25

ክንዱ ምሳ ሰዓት ቢሮ መጣ። ተቀመጠ። ፈገግ አለ።

"ቁንዝላ ፀሐዩ አልበረታብሽም?"

"ማን ነገረህ?"

"የሚወድ ሰው ያውቃል።"

እንዲህ ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ትልቅ ነገር የተናገረ ይመስል። ከዚያ ለምን እንደዋሸሁት ጠየቀኝ። አልዋሸሁም፣ አልነገርሁህም አልሁት። ልዩነቱን ላስረዳው ሞከርሁ። ስልኩን እየነካካ ሰማኝ።

ቤት ስገባ በቀጥታ ወደ እማዬ።

"ለምን ነገርሽው?"

"ለማን?"

"ለክንዱ።"

"ልጄ፣ ከክንዱ ጋር ካወራሁ ቆየሁ።"

አላመንኋትም። ከዚያ በፊት ለእናቴ ተናግሬው የማላውቀውን ቃል ተናገርሁ። እዚህ አልጽፈውም። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ጓዳ ገባች።

ኅዳር 1

እማዬ አታናግረኝም። ምግብ ታቀርባለች፣ ትሄዳለች። አባዬ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ፤ ምን ሆናችሁ አይሉም።

ስልኩ ግን ያናግረኛል። ዛሬ በእንግሊዝኛ ምን ልርዳሽ አለኝ።

የቁንዝላውን ንድፍ ጨርሼ ላክሁ።

ኅዳር 5

በንዴት ነው የምጽፈው።

ዛሬ ዳኘው ለመስክ ሥራ ቆጋ ሄደ። የገበሬዎች የድንች መጋዘን ቦታ ሊያይ። "ስልኩን ስጪኝ፣ እኔም መስክ ላይ ልየው" ስላለኝ ከነሲሙ ሰጠሁት። እኔ ከወንበሬ ሳልነሣ ዋልሁ።

ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ቆመ።

"ክንዱ የሚባለው ማን ነው?"

"ምነው?"

"መራዊን እንዳለፍን ጀምሮ ይደውላል። መጨረሻ ላይ አነሣሁ። 'ማን ነህ? ከእሷ ጋር ቆጋ ምን ትሠራለህ?' አለኝ። ቢሮ ናት ስለው ሰደበኝ።" ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። "ሩሐማ፣ እኔ ስለ ቆጋ አንድ ቃል አልነገርሁትም። ስልኩን ሳነሣ ያውቅ ነበር።"

ዳኘው ወጣ። ስልኩን አየሁት። ምንም እንዳትነካኪ... ነካሁ። ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። ስልኩ በእኔ ስም አይደለም የተከፈተው፤ በእሱ ኢሜይል ነው። ያለሁበት ቦታ ለአንድ ሰው ይላካል፣ ሁልጊዜ። ስሙን መጻፍ አያስፈልግም። ፎቶዎቼ ሁሉ፣ የሳልሁት ሁሉ ወደ እሱ ሲገለበጥ ከርሟል። የቁንዝላው ዋርካ ሳይቀር።

የሚወድ ሰው ያውቃል። እንዴት ያለ ርካሽ ሰው ነው? ሌባ እንኳ የወሰደውን ይዞ ይሸሻል። ይሄኛው ፊቴ ተቀምጦ ምሳ ይበላል።

ቤት ስደርስ እማዬ ልብስ ታጥፍ ነበር።

"አንቺ አይደለሽም" አልኋት።

"አይደለሁማ።"

እግሯ ሥር ተቀመጥሁ። ሁሉንም ነገርኋት። የምታጥፈውን ሸሚዝ ይዛ ሰማችኝ፣ ስጨርስ እጥፉን ጨረሰች። "ለአባትሽ እኔ አልነግራቸውም" አለች። "አንቺው ንገሪያቸው። ከአንቺ ይስሙት።" ከዚያ ፀጉሬን ዳሰሰችኝ።

ኅዳር 6

ለአባዬ ነገርኋቸው። መጀመሪያ ያሉት፣ "አስቦልሽ ይሆናል።"

"አስቦልኝ ከሆነ ለምን ደበቀኝ?"

ጃኬታቸውን ለብሰው ወጡ፣ በሐይቁ ዳር ሲዞሩ ቆይተው ተመለሱ። "ነገ ይምጣ። ከራሱ አፍ ልስማው።"

ከእሱ ቢወግኑስ? የሽማግሌውን ነገር እንዲህ እየጓጉ... ቢወግኑም አላገባውም። ግን ቢወግኑ ከእሳቸው ጋር እንዴት እኖራለሁ?

ኅዳር 7

ብርቱካን ይዞ መጣ። በፌስታል። አዲስ ጫማ አድርጓል።

አባዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውት ነበር። እሱ ሲያየው አልደነገጠም። ይሄ ነው ከሁሉ የከፋኝ። ተደላድሎ ተቀመጠ።

"ጋሽ መልካሙ፣ ለደህንነቷ ብዬ ነው። ጊዜውን ያውቁታል፣ መንገዱ አይታመንም። ሰው የሚወደው ሰው የት እንዳለ ማወቅ ይፈልጋል።"

እማዬ በሩ ጋ ቆማለች።

"እኔም እወዳታለሁ" አሉ አባዬ። "የት እንዳለች ማወቅ ስፈልግ እሷን እጠይቃታለሁ።"

"ብትዋሽዎትስ?"

"ያን ጊዜ ምን አድርጌ ነው የፈራችኝ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ።"

ክንዱ ሊስቅ ፈለገ፣ አብሮት የሚስቅ ሰው አጣ። ወደ እኔ ዞሮ እንደ ሕፃን መሆኔን፣ ዳኘውና ዓሣ ሻጮቹ ጭንቅላቴን እንዳዞሩት፣ እሱ ባይኖር ኖሮ ስለ ዓለም ምንም እንደማላውቅ አስረዳኝ። ረጅም ነበር። አባዬ አላቋረጡትም። ሲጨርስ ስልኩን አንሥተው በሁለት እጃቸው ሰጡት፣ እንደ እንግዳ ዕቃ።

"ለአጎትህ እኔው እደውላለሁ። ጥር ላይ እንዳይደክሙ።"

ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ "እንዲህ ያለ ስልክ በሕይወትሽ አታገኚም" አለኝ።

"አሜን" አልሁት።

ብርቱካኑን ረስቶት ሄደ። እማዬ ለጎረቤት ሰጠችው።

ኅዳር 9

ዳኘው ስለ ክንዱ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ዋል አደር ብሎ "ታዲያ ለቢሮው እንግዛ?" አለኝ። ነገርሁት። እስክርቢቶው ጥሩ ነው። መስመር ማቃናቱ ይጠፋል፣ ማጥፊያውን ዘግይቼ አገኘሁት። ፀሐይ ላይ አይረባም። ከገዛህ ደግሞ ማንም አስተካክሎ እንዳይሰጥህ፤ ራስህ ክፈተው።

"እንተወው መሰለኝ" አለ። ወረቀት አዘዘ።

ታኅሣሥ 12

የቁንዝላው ንድፍ ጸድቋል፣ ቦታው ለሴቶቹ ጸንቷል። ሙኒራ በስልክ እልል ስትል ጆሮዬን ልታደነቁረው ነበር።

አባዬና የክንዱ አጎት ተኳርፈዋል። ድሮ እሑድ እሑድ አብረው ሐይቅ ዳር ይቀመጡ ነበር፤ አሁን አባዬ ብቻቸውን ይሄዳሉ። ዛሬ አብሬያቸው ሄድሁ። ስንመለስ "ከእሱ ጋር ስቀመጥ ሁሌ እሱ ነበር የሚያወራው" አሉ።

የካቲት 6

ሥራ ላይ ሳለሁ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ቀጭን የሴት ድምፅ።

"ሩሐማ ነሽ? አደይ እባላለሁ። አታውቂኝም። ቁጥርሽን ከቢሮሽ ለምኜ ነው።"

ክንዱ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ናት። ከሐዋሳ ተመድባ ከመጣች ገና ጥቂት ወሯ ነው። ክንዱ ስልክ ሰጥቷታል። ትልቅ፣ ባለ እስክርቢቶ።

"አንቺ ሞክረሽዋል ሲሉ ሰማሁ። ጥሩ ስልክ ነው ወይ ልልሽ ነው።"

ስለ ስልክ ልትጠይቀኝ አልነበረም የደወለችው። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አወቅሁ።

የሆነውን ሁሉ ነገርኋት። ኢሜይሉን፣ ቦታውን፣ ፎቶዎቹን፣ የት ገብታ እንደምታይ። አላለቀሰችም።

"እዚህ ከተማ ከእሱ ሌላ ማንንም አላውቅም" አለች በመጨረሻ። "የትም ስሄድ ይደርሳል። ጥሩ ዕድል መስሎኝ ነበር።"

እንዴት የተናቀ ሰው ነው... ሰው የሌላትን መርጦ።

"ነገ ቅዳሜ ነው" አልኋት። "ቁንዝላ እሄዳለሁ። ጓደኛዬ ያሠራችው መጠለያ ይመረቃል፣ ዓሣም አለ። ጠዋት ወደቡ ጋ እጠብቅሻለሁ።"

"ስልኩንስ ምን ላድርገው?"

"አልጋሽ ላይ ተዪው። ቀኑን ሙሉ ተኝታለች ይበል።"

ሳቀች። ትንሽ ሳቅ ናት፣ ግን ሳቀች። ከዚያ ጀልባው በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቀችኝ።