ዳኞቹ ቆመው ያጨበጨቡልሽ ቀን

ልጄ፣ አምላክ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ በሄድሽበት መንገድሽን ያቅናልሽ። አባትሽን ጉልበቱን ተሽሎታል፤ ታናሽሽም ሥራ ጀምራለች። እኔ ግን ምን ልዋሽሽ፣ አንጀቴ እርር ብሏል።

እዚያ ሰው አገር የገባሽበትን የዘፈን ውድድር ልብስ ስፌት ቤታችን ውስጥ ሥራ አቁመን ነው ያየነው። ስትዘፍኚ ያቺ ኮስታራዋ አለቃዬ እንኳ እንባዋን ጠረገች። ዳኞቹም ከመቀመጫቸው ተነስተው አጨበጨቡልሽ። ከዚያ የተመልካች ድምፅ ተቆጠረና ግጥሙን መሀል ላይ የረሳው ልጅ አለፈ፤ አንቺ ወጣሽ! አቅራቢው ፈገግ ብሎ የሆነ ነገር ተናገረ። ቋንቋውን የሚያውቀው አጎትሽ፣ «ተመልካቹ አልለመዳትም እያለ ነው» አለኝ።

«ያልለመደው ምኗን ነው?» አልኩት።

«መልኳን ነዋ፣ እህቴ! ከሷ በፊትም ዳኞቹ አድንቀዋቸው ሕዝቡ ያባረራቸው ሁለት ተወዳዳሪዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ጥቁሮች ናቸው።»

አክስትሽ ደግሞ ይባስ ብላ፣ «ፀጉሯን ብታለሰልስ፣ ፊቷንም ትንሽ ብታቀላው ኖሮ» አትልም? ደሜ ፈላ። «እነሱ ላጠፉት የኔ ልጅ ቆዳዋን ትላጥ?» ብዬ ጮህኩባት። እስከ ዛሬ ተኳርፈናል።

ድምፅ ቢነፍጉሽ ድምፅሽ አላነሰም፤ ራስሽን እንዳትበዪ። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን አንገትሽን ደፍተሽ፣ «አመሰግናለሁ» ብለሽ መውጣትሽ ነው። በምን ዕዳሽ?

አንደበትሽን ይባርክልኝ፣ የኔ እናት። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ጋዜጠኛ ከጠየቀሽ ፈገግ አትበዪለት። የተደረገብሽን ሳትሸፋፍኚ ንገሪው።

እናትሽ