እንዲነበብ እንጂ እንዲጻፍበት ስላልተፈቀደ ፎልደርና ስለ ድንበሬ ድንጋይ

ለተከበሩ የመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎ ጤና፣ የወንበርዎ ጤና፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ያልዳነው የኮምፒውተራችሁም ጤና እንደምን ሰንብቷል እያልሁ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ በደጃችሁ ከመመላለስ በቀር ደኅና ነኝ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ የምትጽፈው ልጄ ሥርጉት ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው።

ጉዳዬ አንድ ነው። ጣና ዳር ያለችውን ማሳዬን በልጄ ስም ላዛውር እፈልጋለሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃው ግማሿን ይውጣታል፤ ሲሸሽ ደለል እንጂ ድንበር አይታይም። የድንበሩን ድንጋይ ከጭቃ ፈልገው የሚያሳዩ ሁለት ምስክሮች፣ ሐጂ ሰላህና ሀብተ ሥላሴ፣ ነበሩኝ። ቃላቸው በመዝገብ እንዲሰፍርልኝ ነው የመጣሁ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፦ አዲሱ ፕሮግራም ሳይጫን አሮጌውን መዝገብ መጋዘን ስለቆለፋችሁበት አመሰግናለሁ። እኛ አላዋቂዎቹ አዲሱ ታንኳ ውኃ ላይ ሳይወርድ አሮጌውን አንፈታም ነበር።

፪ኛ፦ ፕሮግራሙ አልጫን ሲል መጀመሪያ ኬብሉን፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን፣ በመጨረሻም መብራቱን ስለወቀሳችሁ አመሰግናለሁ። ጥፋቱን ያገኘችው ባለሙያችሁ ማኅሌት ናት፤ ለእኔም በሚገባኝ አፍ አስረዳችኝ። ፕሮግራሙ የተቀመጠው ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በሚጋሩት ፎልደር ነው፤ ሲጫንም እዚያው የሚጽፈው ነገር አለ። ፎልደሩ ግን ለሁሉ እንዲነበብ እንጂ እንዲጻፍበት አልተፈቀደም፤ የመጻፍ ፈቃዱ በቀድሞው ባለሙያ ስም ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ማክሰኝት ተዛውሯል። በደብራችን ገበዙ ሲለወጥ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በሽማግሌ ፊት አስረክቦ ነው የሚሄድ። ሳያስረክብ ቢሄድ እንኳ ካህናቱ የተዘጋ በር እያዩ አይከርሙም።

፫ኛ፦ ማኅሌት ፈቃዱን ላስተካክል ብትል፣ ፈቃድ ለመስጠት የሚያስችላትን የፈቃድ ደብዳቤ ከእርስዎ እንድታመጣ ታዘዘች። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። እኔም ከሐሙሲት እየተሳፈርሁ ዐሥራ አንድ ጊዜ መጣሁ፤ ዐሥራ አንዱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ይህን ሁሉ የሚናገር ጉሮሮዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ።

፬ኛ፦ ሐጂ ሰላህ በጥር ሞተ። ሀብተ ሥላሴ ዐሥር ጊዜ አብሮኝ መጥቶ፣ በረንዳችሁ ላይ ምርኩዙን ታቅፎ ውሎ፣ ቃሉን ሳይሰጥ ዐሥር ጊዜ ተመልሷል። ዐሥራ አንደኛውን ብቻዬን መጣሁ፤ ባለፈው ማክሰኞ ቀብረነዋል። ድንጋዩ ያለበትን የማውቅ ከእንግዲህ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ባለጉዳይ ነኝና ምስክር አልሆንም። ለዚህም ላመሰግንዎ ነበር፤ ምላሴ እንቢ አለኝ።

የምለምንዎ ክረምቱ ሳይገባ አንዲት ፊርማ ነው። መዝገቡ ይከፈት፤ ሰው ይላክ፤ ድንጋዩን በእጄ ነክቼ ላሳይ። ብዕሩ ከከበደዎ አውራ ጣቴን አበድርዎታለሁ።

ሰማንያ ክረምት ውኃው ሲመጣና ሲሸሽ ያየሁ፣ የበረንዳችሁ ነባር ተቀማጭ፣
ገብረ መስቀል እንየው
(የአውራ ጣት አሻራ)

ማስታወሻ፦ ሥርጉት ይህን ደብዳቤ በኮምፒውተር ጽፋ ስትጨርስ ለማን ልክፈተው ብላ ጠየቀችኝ። አገር ሁሉ እንዲያነበው ፈቅጄአለሁ። በላዩ ላይ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ብሎ ለመጻፍ ግን ለማንም ፈቃድ አልሰጠሁም፤ ለእርስዎም ቢሆን።