በደጃችን የሰመጠው መንገድ

ይበልጣል፣ ይቤ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለየኸኝ ስድስት ወር ሊሞላ ስምንት ቀን ቀረው። ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ትንሿም የአባዬን ሹራብ ካልለበስኩ አልተኛም ማለቷን ትታለች። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ሐዘኑ አይደለም፣ ሐዘኑንስ እየለመድኩት ነው። የምጽፍልህ፣ ሰው ሁሉ አስጠልቶኝ ነው።

በደጃችን የሚያልፈው ኮብልስቶን ሰመጠ። ከአጥራችን ጥግ እስከ ጎረቤት በር ድረስ ጎድጉዶ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲያቁር ከረመ። ዝናቡ ቢያባራም ከላይኛው መንደር የሚወርደው እጣቢ ሁሉ እዚያ ይተኛል፤ የዶሮ ላባ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ አረንጓዴ ዝቃጭ። ሽታው አይነሣ! በር በከፈትኩ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። ከላይም ከታችም መንገዱ ደህና ነው፤ የሰመጠው የእኛ ደጅ ብቻ ነው።

አንተ ብትኖር ለምን እንደሆነ ገና ስታየው ታውቅ ነበር። ከኮብሉ ሥር ያለው የተፈጨ ድንጋይ አልተጠቀጠቀም። እኔ ጠጠሩን እያለበስኩ፣ አንተ የመጠቅጠቂያውን ሞተር፣ ኮምፓክተሩን፣ እየነዳህ ስንት መንደር አብረን ሠራን። ከስንዝር በላይ አፍስሼ ከተገኘሁ ሞተሩን አጥፍተህ፣ መልሰሽ አንሽው ትለኝ ነበር። ወፍራም ከሆነ ላዩ ብቻ ይጠብቃል፣ ሆዱ ልል ይቀራል ትላለህ። ውሃ ታርከፈክፋለህ፣ ከዳር ጀምረህ ወደ መሃል ትመጣለህ፣ ከዚያ በተረከዝህ ትረግጠዋለህ፤ ተረከዝህ ምልክት ከተወ እንደገና ነው። ወገቤ እየተቆረጠ ስንቴ በሆዴ ረግሜሃለሁ መሰለህ። ይቅር በለኝ።

የሆነውን ልንገርህ። አንተን ቀብረን ግቢያችን ድንኳን ተጥሎ ሳለ፣ አብረን የምንሠራበት የኮብልስቶን ማኅበራችን ሥራውን ይዞ ደጃችን ደረሰ። ከአገርህ ከሮብ ገበያ የመጡት ዘመዶችህ እያለቀሱ ነበር። ያ ያንተ ኮምፓክተር በሌላ ሰው እጅ ሆኖ ሲጮህ ስሰማ መቀመጥ አቃተኝ። ለሐዘን ቤት ሲባል ያጥፉልኝ ብዬ ወደ ሰብሳቢያችን ወደ ስማቸው ላክሁ። ወዲያው አጠፉት፤ እኔም መረቅኋቸው። ለካ ጠጠሩን በአንድ ጊዜ ገልብጠው፣ በአካፋ ጀርባ ደልድለው፣ አሸዋ አልብሰው ኮብሉን ደርድረውበታል። ሥራ ስመለስ አልቆ አገኘሁት። ተጠቅጥቋል አሉኝ፣ አመንኩ።

ይሄ እንኳ ስህተት ነው ብዬ ባለፍኩት ነበር። ከአራት ቀን በፊት ግን መንገዱን የሚረከበው መሐንዲስ ይመጣል ሲባል ስማቸው እኔ ቤት ድረስ መጣ። ከአንድ መሶብ አብሮህ የበላው ስማቸው። ያቀረብኩለትን ጠላ እየጠጣ፣ ያን ቦታ ይበልጣል ከመሞቱ በፊት ጠቅጥቆት ነበር ብለን ጽፈናል፣ ቢጠይቁሽ አዎ በይ፣ የሞተን ሰው ማን ይቀጣዋል አለኝ። ሞተሩንም ያጠፋነው ላንቺ ብለን ነው አለ። ጠላው ከንፈሩ ላይ አረፋ ሠርቶ ነበር፤ ያን አረፋ ሳይ አንገሸገሸኝ። ሲወጣ ብርጭቆውን ሦስቴ አጠብኩት። ሌሎቹም ያውቃሉ፣ ሁሉም ዝም ብለዋል። በቀብርህ ዕለት ደረታቸውን ሲመቱ የነበሩት እነዚሁ ናቸው!

ከሁሉ በላይ የቀፈፈኝ ግን እኔው ራሴ ነኝ። አዎ ልል ነበር። ነገ ከማን ጋር ልሠራ ነው፣ ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ አሰብኩበት። ሁለት ቀን ሙሉ ስምህን ልሸጥ አስቤአለሁ፣ ይቤ።

መሐንዲሱ ትናንት መጣ። ማኅበርተኛው ሁሉ ቆሞ ሳለ፣ ይበልጣል ይህን ቦታ አልነካውም፣ ጠጠሩ ሲፈስ እሱ ተቀብሯል፣ ሞተሩን ያስጠፋሁትም እኔ ነኝ አልኩ። ኮብሉን በዲጂኖ ሲያነሡት ከሥሩ እጄን ሰደድኩ፤ እስከ አንጓዬ ገባ። ስማቸው ዓይኑን ወደ አጥሩ መለሰ። ዛሬ ጠዋት እንዴት አደርሽ ያለኝ አንድም የለም። አይበሉኝ።

ደጃችን ተነሥቶ እንደ አዲስ ይሠራል። ቀኑ ግን ከመንፈቅህ ጋር ገጠመ። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ጸበል ጻዲቅ ሊቀምሱ ሲመጡ ጠጠሩ ደጃችን ተከምሮ ኮምፓክተሩም እየጮኸ ይሆናል። ጎረቤቶች ይህን ሰምተው፣ ለሟች ክብር ያን ቀን ሞተሩ ይጥፋ ብለው ዛሬ ሽማግሌ ላኩብኝ። እግራቸው ላይ ወድቄ እምቢ አልኳቸው። ድግሱን እህቴ ታስተናግዳለች፤ ኮምፓክተሩን የምነዳው እኔ ነኝ። ነጠላዬ አቧራ ይልበስ፤ እንግዳውም ጩኸቱ ከከበደው ጆሮውን ይያዝ።

አልረሳህም፣ ይቤ። ካህናቱ ስምህን ሲጠሩም ሞተሩን አላጠፋም።

ሚስትህ