ፍሪጁን ተደግፌ ያነሳሁት ፎቶ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? መሬቱስ መንቀጥቀጡን ተወላችሁ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። ታይፔ ዝናቡ አላባራም፣ የቤቱ ግድግዳ ሳይቀር ያልበዋል።

በላክሽልኝ ገንዘብ ሌንስ ልገዛልሽ ሰሜን በር አጠገብ ወዳለው የካሜራ ሰፈር ሄጄ ነበር። አውቶቡስ ስነዳ ስንት ዓመት በዚያ አልፌያለሁ፣ አንድም ቀን መስኮቶቹን ልብ ብያቸው አላውቅም። ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጥ ፋንግ የሚባል ሰው አገኘሁ። ልጄ በሁዋልየን ከተማ ለጋዜጣ ፎቶ ልታነሳ ነው፣ ከወሩ መባቻ ጀምሮ በራሷ ሌንስ መሥራት አለባት፣ ያላት ይኸው ነው ብዬ ገንዘቡን ነገርኩት። ሳቀና «ጋሼ፣ በዚህ ወይ አንድ ረጅም ይገዛሉ ወይ ሁለት አጫጭር። ሦስቱንም የሚያስገዛ ጸሎት ካለዎት እኔም እሑድ ቤተ ክርስቲያንዎ እመጣለሁ» አለኝ።

ረጅሙ ሩቁን እያቀረበ የሚያነሳው ነው። አጫጭሮቹ አንቺ የጻፍሽልኝ ናቸው፤ ሠላሳ አምስት ሚሊሜትሩ ከቅርብ ሆኖ ሰፊውን የሚይዘው፣ ሰማንያ አምስቱ ትንሽ የሚያቀርበው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ያዘነበለው ወደ ረጅሙ ነበር። እናንተ ዘንድ ያለው የገደል መንገድ በመንቀጥቀጡ ከተናደ ወዲህ ዓይኔን ስከድን ድንጋይ ሥር ቆመሽ ነው የምትታዪኝ። ያን ብትይዢ ማዶ ሆነሽ ታነሻለሽ፣ እኔም እተኛለሁ። ይህንኑ ለፋንግ ብነግረው «እኔ የማውቀው ረጅም የያዘ ሁሉ ጥሩ ቦታ ፍለጋ ገደል አፋፍ ላይ ሲቆም ነው፤ ድንጋይ ደግሞ የሌንስ ቁጥር አያነብም» አለኝ። የረጅሙን መስታወት በስልኩ መብራት አብርቶ ሲያሳየኝ ጠርዙ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ይዟል። ዋጋው የቀነሰውም ለዚህ ነው። አሁን ፎቶ አያበላሽም፣ በዚህ እርጥበት ግን ይስፋፋል አለ። እስከ ቅዳሜ ሞክረው ይወስኑ ብሎ ሁሉንም አዋሰኝ።

መጀመሪያ ረጅሙን ይዤ መንገድ ማዶ ቆምኩ። ከሕንፃችን ሥር የአኩሪ አተር ወተት የምትሸጠውን እትዬ ዩልዋንን ታስታውሻታለሽ፣ እሷን አነሳሁ። ፊቷ ጥርት ብሎ ወጣ። ድስቱ፣ ተሰላፊው፣ የሚንጠባጠበው ሸራ ግን ሁሉም ጠፋ። ስታየኝ ሰፈሩ እስኪሰማ «አንተ ሰውዬ፣ ሰላይ ሆንክ እንዴ? ፎቶ ካማረህ ተሻገርና አጠገቤ ሆነህ አንሳኝ! ደግሞ ያን አሮጌ ኮትህን አውልቀህ!» ብላ ጮኸችብኝ። ተሰላፊው ሁሉ ሳቀ። እኔም እንደ ሌባ አፍሬ ተሻገርኩ።

በዚያን ቀን ምሳ ሳቀርብ፣ ጸሎቴን ከጀመርኩ በኋላ ቃሉ አልመጣልህ አለኝ። ይህን ራቅ ብሎ ማየት የፈለግሁት ለልጄ ነው ወይስ ለራሴ ነው ብዬ ጌታን ጠየቅሁት። መልሱን አውቀው ስለነበር ብዙ አላስጠበቀኝም።

ስለዚህ ሁለቱን አጫጭር ገዛሁልሽ። በተረፈው የዝናብ ልብሳቸውንና እርጥበት የማያስገባውን ሣጥን ጨመርኩ፤ ያለ ሣጥኑ ሻጋታው እነዚህንም አይምርም። ሰማንያ አምስቱ የማይደርስበት ሲያጋጥምሽ በእግርሽ ቅረቢ፤ ሄልሜትሽን ግን አደራ።

በሠላሳ አምስቱ የሞከርኩትን ፎቶ ከሌንሱ ጋር ልኬልሻለሁ። የእኛው ወጥ ቤት ነው፤ ጥበቱን ታውቂዋለሽ፣ ፍሪጁን ተደግፌ ነው ያነሳሁት። እትዬ ዩልዋን ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ ላነሳ ነበር ሐሳቤ፣ ሌንሱ ግን ሁሉንም ሰብስቦ አስገባው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን አለ። ከበሩ አጠገብ ሁለት ጥንድ የቤት ጫማ ይታያል፤ ትልቁ የእኔ ነው። የእናትሽ ፎቶ ከነበረበት አልወረደም። ማንም አውርደው ያለኝ የለም፤ መስታወቱን የምወለውለው ግን አሁን እኔ ብቻ አይደለሁም።

ፋንግ ሲያትመው «ጋሼ፣ ጠርዙን ልቁረጠው? ሴትዮዋ ብቻ ትታይ?» ብሎኝ ነበር። መቀሱን እንዲያስቀምጥ ነገርኩት።

ለዓመታዊው የመቃብር ጽዳት ቀን ስትመጪ ቀኑን አስቀድመሽ አሳውቂኝ፤ እንደ ድሮው ከእናትሽ ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ከዚያ በፊት ፎቶውን ከጠርዙ ጀምረሽ ቀስ ብለሽ እይው። ባለሙያዋ አንቺ ነሽ፤ ያላማረሽ ነገር ካለ ለእኔ ንገሪኝ፣ ለሌላ ሰው አይደለም። ቶሎ ባትደውዪም አልቀየምም፣ እጠብቃለሁ።

የምትረግጪውን መሬት ጌታ ያጽናልሽ፣ ከላይ የሚወርደውንም ያርቅልሽ። የምታነሻቸው ሰዎች ፊታቸውን አያዙሩብሽ።

አባትሽ