ያልወረደው ጨው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ አርባ ምንጭ

ዛሬ በፀሐይ ኃይል ሙከራ ጣቢያችን መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም አልነሳ አለ። የፀሐይዋን ሙቀት የሚሸከመው የቀለጠ ጨው ወደ ታንከሩ ሳይወርድ ቀዘቀዘና ቧንቧው ውስጥ ድንጋይ ሆነ። ባልደረባዬ ታመነ ጋዝ ለኩሶ የቧንቧውን መሀል ያሞቅ ጀመር።

"ከጫፉ ጀምር! መሀሉ ቀድሞ ከቀለጠ መውጫ ያጣል!" ብዬ ጮህኩ።

ዞር ብሎ ሳያየኝ ቧንቧው ፈነዳ፤ የጋለው ጨው ፊቱ ላይ ተረጨ።

ሆስፒታል አስገባነው፤ ባለቤቱም ከመንደራቸው ከጫኖ እየተጣደፈች መጣች። "ወንድሜ፣ ዓይኑ ይተርፋል?" አለችኝ። "ሐኪሙ ገና ምንም አላለንም" አልኳት። ታመነ ግን ድምፄን ሲሰማ፣ "ጨዉ ወረደ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ወርዷል፤ አንተ ብቻ ተሻልልኝ" አልኩት።

አልወረደም። ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ስለነበር ስዋሽ አላየኝም።